ጀበናው ትንሽ ይቆይ፦ የጅማ ገበታና የአንጎል ጤና

የማትሪክ ፈተና ሲቃረብ ጅማ ውስጥ ሁለት ነገር ይደምቃል። አንዱ ቴሌግራም ነው፤ «ለአንጎል የሚጠቅሙ አሥር ምግቦች» የሚል ዝርዝር ከስልክ ስልክ ይዘዋወራል፦ ሳልመን፣ ብሉቤሪ፣ ዋልነት፣ የወይራ ዘይት። ሌላው ፋርማሲ ነው፤ ወላጅ ገብቶ «የማስታወስ ኪኒን አላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳልመን ከጊቤ አይወጣም፤ ብሉቤሪም ቆጪ ጉሊት ላይ የለም። ስለዚህ ዝርዝሩን ያነበበ ሰው ወይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፣ ወይ ለኪኒኑ ይከፍላል።

ሁለቱም ከከተማው ሰው ችግር ጋር አይገናኙም። የጅማው የሄርማታ የሐሙስ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በደህና የበጋ ቀን እስከ 30 ሺህ ሰው እንደሚሰበስብ ተጽፎለታል። ዛሬም የጅማው መርካቶ ገብቶ የሚዞር ሰው ከዴዶ የወረደ ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ባቄላ፣ ተልባ፣ አቮካዶ፣ በወቅቱ ደግሞ ክምር ዘይቱን (ጓቫ) አያጣም። አንጎል የሚፈልገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ኑሮ መወደዱን ረስቼ አይደለም፤ እንቁላል የቅንጦት ዕቃ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ግን ገበያው ላይ ያለው፣ እቤትም የገባው ምግብ አንጎል ድረስ ሳይደርስ የሚቀርባቸው መንገዶች አሉ። እነሱም ቡናው የሚጠጣበት ሰዓት፣ የጨው አያያዝና ከድስቱ ውስጥ ለማን ምን ይደርሳል የሚለው ናቸው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ሰውነት አርፎ ሳለ ከሚያቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በቀን 120 ግራም ገደማ ግሉኮስ ይፈጃል፤ የራሱ ጎተራ ስለሌለው ደም እያመላለሰ ነው የሚቀልበው። ከዚያ በተጨማሪ የነርቭ ሽፋን የሚሠራበት ስብ፣ ኦክስጅን የሚደርሰው በብረት ማዕድን፣ በፅንስ ጊዜ የሚያድገው በአዮዲን፣ ነርቩ የሚጠበቀው በቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርሱት የደም ሥሮች ናቸውና ለልብ የማይበጅ ምግብ ለአንጎልም አይበጅም።

ስለ «የአንጎል ምግብ» ከሚወራው ውስጥ የቱ ይጸናል? እ.ኤ.አ. በ2015 ቺካጎ በሚገኘው ረሽ ዩኒቨርሲቲ ማርታ ክሌር ሞሪስና ባልደረቦቿ «ማይንድ» ስለተባለ የአመጋገብ ሥርዓት ጽፈው ነበር። ቅጠላ ቅጠል፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ለውዝና ዓሣ በዛ፤ ቅቤ፣ ጣፋጭና የተጠበሰ ነገር ቀነስ የሚል ነው። ሥርዓቱን አጥብቀው ይከተሉ በነበሩ አረጋውያን ዘንድ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ መጠን በ53 በመቶ ያነሰ ሆኖ ስለተገኘ ወሬው ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን 604 ሰዎችን ለሦስት ዓመት የተከታተለው ሙከራ ውጤት ወጣ። ማይንድን የበሉትና የለመዱትን ምግብ መጠኑን ብቻ ቀነስ አድርገው የበሉት ቡድኖች፣ በማስታወስና በማሰብ ፈተና የጎላ ልዩነት አልታየባቸውም።

ይህ ምግብ ለአንጎል አይጠቅምም ማለት አይደለም። አዘውትሮ ጎመን የሚበላ ሰው ብዙ ጊዜ የማያጨስ፣ የሚራመድ፣ ሐኪም የሚያይም ሰው ነው፤ ከእነዚህ የትኛው እንደረዳው ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ፊንላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎችን ይዞ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ጥናት ለዚህ ፍንጭ ይሰጣል። ምግብን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ልምምድንና የደም ግፊት ክትትልን አንድ ላይ አድርጎ ለሁለት ዓመት ሲሞክር መጠነኛ ግን ግልጽ ጥቅም አይቷል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳለው ደግሞ ደም ግፊትን፣ ስኳርን፣ ኮሌስትሮልን፣ ትምህርት ማጣትን የመሳሰሉ 14 ነገሮች ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት በተቻለ። ከዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው ሁለት ነገር ነው፦ አንድን ምግብ ነጥሎ «የአንጎል ምግብ» ብሎ መሸጥ ንግድ ነው፤ ምግብ አንጎልን በእርግጥ የሚሠራውና የሚያበላሸው ደግሞ በእርግዝናና በልጅነት፣ ቀጥሎም በጎልማሳነት በደም ሥር በኩል ነው።

የቡናው ሰዓት

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ውስጥ ቀትር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ሽሮ በጎመን ይቀርባል፤ ጥሩ ምሳ ነው። እንጀራው ገና ሳይነሳ ቡናው ይወቀጣል፤ እጅ ታጥቦ ሳያልቅ ሲኒው ይደረደራል። የቡና አገር ነንና አቦሉ ሳይጠጣ ምሳ በላሁ የሚል የለም። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በእህል፣ በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ጤፍ በብረት ይታወቃል (ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ቢሆንም)፤ ነገር ግን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል፤ እንግዲህ ቸኩሎ ያልቦካ እንጀራ መጋገር ጉዳቱ ጣዕም ላይ ብቻ አይደለም። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ የተረፈውን ብረት ያስሩታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ሃምበርገር ከበሉ ሰዎች ሰውነት ውስጥ የገባውን ብረት ለክቶ ነበር። ከምግቡ ጋር ቡና ሲጠጡ 39 በመቶ ቀነሰ፣ ሻይ ሲጠጡ 64 በመቶ። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲጠጣ ምንም አልቀነሰም። አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የመጠጣቱን ያህል ቀነሰ። ሥጋ ያለበት ምግብ እንዲህ ከሆነ ሽሮና ጎመን ላይ ጉዳዩ የሚቀል አይመስለኝም።

ስለዚህ እኛ የመረጥነው ሰዓት፣ ማለትም ምግቡ እንደተበላ፣ ከከፉት አንዱ ነው። መፍትሔው ቡና መተው አይደለም፤ ጅማ ላይ እንዲህ ብሎ መምከር ራሱ ቀልድ ይሆናል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያለው ቡና ምሳን አይነካም። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የበላ ሰው ሁለተኛውን ቡና 9 ሰዓት ላይ ቢጠጣ ብረቱን አትርፎ ቡናውንም ጠጥቷል። በምትኩ ከምሳ ጋር የሚመጥነው ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ነው፤ እሱ ብረቱን ከእስሩ ይፈታዋል። ቃሪያ ስንግ፣ ጎመን ላይ የተጨመቀ ሎሚ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ዘይቱን። ዘይቱን በክብደት ሲነጻጸር ከብርቱካን አራት እጥፍ ያህል ቫይታሚን ሲ አለው። በወቅቱ መንገድ ላይ ወድቆ የሚረገጥ ፍሬ ሆኖ እያለ ሰው ለልጁ ቫይታሚን ፋርማሲ ሲገዛ ማየት ያስገርማል።

ሥጋ አዘውትሮ ለሚበላ ጎልማሳ ወንድ ይህ ብዙ የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው ለነፍሰ ጡር፣ የወር አበባ ለምታይ ሴትና ለሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው፣ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ሁሉም በብረት እጥረት የመጣ አይደለም፤ ወባም የሆድ ትላትልም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ብረት ያጠረው የሕፃን አንጎል የነርቭ ሽፋኑን በሚገባ አይሠራም፣ የትኩረትና የመማር አቅሙ ይጎዳል፣ ከጉዳቱም የተወሰነው በኋላ ብረት ቢሰጥም ላይመለስ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሳው ብዙ ወላጅ ላይወደው ይችላል፦ የልጆች ሻይ በዳቦ። ጠዋት የሁለት ዓመት ልጅ ዳቦ በሻይ እየተነከረ ይጎርሳል። ስኳርና የተፈተገ ዱቄት፣ ከነሱም ጋር በጥናቱ ከቡና የባሰ ሆኖ የተገኘው መጠጥ። ገንፎ ወይም አጥሚት፣ ቢገኝ ወተት፣ ካልሆነም ዳቦው ብቻ በውሃ ከዚህ ይሻላል።

ቡናው ራሱ በአንጎል ላይ ጠላት ነው ለማለት አይደለም። በልክ የሚጠጡ ሰዎች ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ በብዙ የክትትል ጥናቶች አነስ ብሎ ታይቶባቸዋል፤ ምክንያቱ ቡናው ይሁን ሌላ ገና አከራካሪ ነው። የተረጋገጠው ካፌይን ከሰውነት እስኪወጣ መቆየቱ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 1 ሰዓት ላይ በረካውን የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ግማሹ አብሮት አለ። አንጎል የቀኑን ትምህርት የሚያጠናክረው ደግሞ በእንቅልፍ ጊዜ ነው።

ጨው በጆንያ

ጅማና አካባቢው በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል። ለቡናው በረከት ነው። ነገር ግን ደጋማና ዝናባማ አገር ላይ አዮዲን በጎርፍ ከአፈሩ ታጥቦ ይሄዳል፤ ከዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያጥረዋል። የእንቅርቱ ምንጭ ይህ ነው። አንገት ላይ የሚታየው እብጠት ቀላሉ ምልክት ነው፤ ከባዱ አይታይም። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአዮዲን የሚሠራው የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ሆርሞን የራሱ ስለሌለው በእናቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ እናት አዮዲን ካጠራት የልጁ አንጎል ሳይበለጽግ ይቀራል። መከላከል ከሚቻሉ የአንጎል ጉዳት መንስኤዎች በዓለም ላይ የአዮዲን እጥረት ግንባር ቀደም ተብሎ የሚጠቀሰው ለዚህ ነው።

አገሪቱ ከኤርትራ ጋር እስከተደረገው ጦርነት ድረስ አዮዲን ያለበት ጨው ከዚያው በኩል ታገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበያውን የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ያዘው፤ አዮዲኑ ግን አልተከተለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ 15 በመቶ ነበር፤ በ2016 ወደ 89 በመቶ አደገ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። ግን በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የተለካው አዮዲን መኖር አለመኖሩ እንጂ በቂ መሆኑ አይደለም።

ከፋብሪካ ከወጣ በኋላስ? ገበያው ውስጥ ጨው ሻጯ ጆንያዋን እስከ ወገቡ ጠቅልላ ከፍታዋለች። ክረምት ነው፤ ላስቲኩ ከላይ ያንጠባጥባል፣ ጨዉ ከታች ረጥቧል፣ በጣሳ እየተሰፈረ ይሸጣል። አዮዲን አለው ወይ ሲሏት «ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው» ትላለች፤ ንጣቱ ስለ አዮዲኑ ምንም እንደማይናገር የነገራት የለም። እቤት ሲገባ ደግሞ ክዳን በሌለው ዕቃ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል። እርጥበት፣ ፀሐይና ሙቀት አዮዲኑን ቀስ በቀስ ያባርሩታል። የታሸገ ጨው መግዛት፣ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚያስገኘውን ያህል ግን የትኛውም የማስታወስ ኪኒን አያስገኝም።

መጠኑ ግን አይጨመር። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ወጡ፣ ዳቦው፣ በአካባቢያችን ብዙ ቤት ቡናው ላይ ሳይቀር የሚገባው ጨው ሲደመር ይህን ማለፍ ቀላል ነው። ከፍ ያለ ደም ግፊት ደግሞ ወደ ስትሮክ የሚወስድ ዋናው መንገድ ነው።

ስቡ፣ ዓሣውና ጫቱ

ሳልመንን ዝርዝሩ ላይ ያስቀመጠው ኦሜጋ-3 የተባለው የስብ ዓይነት ነው፤ በተለይ ዲኤችኤ የተባለው ዓይነት፣ አንጎል ውስጥ በብዛት የሚገኘው። ከጊልገል ጊቤ ግድብ የሚመጣው ቆሮሶ የሳልመንን ያህል ባይኖረውም ጥሩ ፕሮቲንና ቢ12 አለው፤ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ከሚጠበስ በወጥ ቢሠራ ይመረጣል። ተልባ ላይ ግን ብዙ ይጋነናል። ከዘይቱ ከግማሽ በላይ ኦሜጋ-3 መሆኑ እውነት ነው፤ ሰውነት ወደ ዲኤችኤ የሚቀይረው ግን ጥቂቱን ብቻ ነው። ቢሆንም ከኑግ ዘይት (አብዛኛው ኦሜጋ-6 የተባለው ሌላ የስብ ዓይነት ነው) ጎን የሚያመጣጥን ነገር ያስፈልጋልና የተቆላና የተፈጨ ተልባ በፍትፍትም ሆነ በመጠጥ አዘውትሮ መውሰድ አይከፋም። ስለ አቮካዶ ብዙ አልልም፤ ጅማ ላይ ሞልቷል፣ ጥሩ ስብ ነው፣ ችግሩ ጁስ ቤት ሲገባ በላዩ የሚፈሰው ስኳር ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለደም ሥር የማይበጀው የስብ ዓይነት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ መግዛቱ የማይቀር ቢሆን እንኳ በድስቱ ውስጥ የሚፈሰውን መጠን መቀነስ ይቻላል።

ስለ ተማሪዎች ሳይነሳ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ፈተና ሲደርስ በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ምሳን ዘሎ ጫት መያዝ ልማድ ሆኗል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሆድ ውስጥ የሚገባው ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ጥቂት ለውዝ ነው። ምርቃናው ሲመጣ ሰው ብዙ ያነበበ ይመስለዋል። ሌሊት ግን እንቅልፍ የለም፤ ጠዋት ድብርት፤ ቁርስ የለም፤ ፈተና። ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ከሁሉ የሚጠቅመው ምክር ስለ ዋልነት የሚያወራ አይደለም፤ ምሳውን በልቶ፣ ማታ ተኝቶ እንዲገባ ነው። መቃሙን መተው ያቃተው እንኳ በልቶ ቢቅም ሳይበላ ከመቃም ጉዳቱ ይቀንሳል።

ለማን ይደርሳል

የልጅ አንጎል ሁለት ዓመት እስኪሞላው የአዋቂውን 80 በመቶ ያህል መጠን ይይዛል። ከፅንስ ጀምሮ ያሉት አንድ ሺህ ቀናት ላይ ይህ ሁሉ አጽንዖት የሚሰጠው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። መቀንጨር ቁመት ማጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ አንጎሉም አብሮ ይጎዳል። በዞናችን ገጠር ይህን የሚያባብስ አንድ ነገር አለ፤ ዶሮ ያላት እናት እንቁላሉን ለገበያ ታወጣና ዘይትና ስኳር ገዝታ ትመለሳለች። ልጁ ነጭ የበቆሎ ገንፎ ይበላል፤ ይጠግባል፣ አይመገብም። አባት ሥጋው ሲገኝ ቀድሞ ይጎርሳል፤ ነፍሰ ጡሯ የምትበላው ሁሉም ከተነሳ በኋላ ነው። ከሳምንቱ እንቁላሎች ሁለት ሦስቱ እቤት ቢቀሩ፣ ገንፎው ላይ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ቢጨመርበት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን ምክር ለእናትየዋ ብቻ ሳይሆን አባት ባለበት ብትነግር ነገሩ ይለወጥ ነበር። የገበያው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በእሱ ነውና። ማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን አስቀድማ ብትጀምር ይመረጣል፤ የፅንሱ የአንጎልና የአከርካሪ ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ እርጉዝ መሆኗን ራሷ ሳታውቅ ነው።

በሌላኛው ጫፍ ያሉት አረጋውያን ናቸው። አንድ ሽማግሌ ስም መርሳት ሲጀምሩ፣ መንገድ ሲጠፋቸው፣ ቤተሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ይተዋል። ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ብቻ ነው። ጥርሳቸው የረገፈ፣ ሥጋ ያቆሙ ወይም ጾም የሚያበዙ፣ እንዲሁም ለስኳር በሽታ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ቀስ በቀስ ሊያልቅባቸው ይችላል። እጥረቱ መርሳትን፣ መወዛገብንና የእግር መደንዘዝን ያመጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመርፌ ወይም በኪኒን ይታከማል። የታይሮይድ መዛባትም እንዲሁ። ስለዚህ አባትዎ ወይም እናትዎ መርሳት ካበዙ ዕድሜያቸው ነው ብለው ከመተውዎ በፊት ደም ግፊታቸውን፣ ስኳራቸውን፣ ቢ12ና ታይሮይዳቸውን ያስለኩ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ወደ ሐኪሙ ይግቡ። ባለፉት ወራት ምን ሲበሉ እንደቆዩም ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እሱ ካልጠየቀዎትም እንኳ።